ግራ ዓይኔ ሥር እንዳለው ዓይነት ሰማያዊ ምልክት በሌዘር ያስነሳ ሰው አለ? ሀዋሳ ያላችሁ እባካችሁ

የትኬቷ ልጅ

ሰላም ናችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። ሀዋሳ ነው ምኖረው፣ 25 ዓመቴ ነው፣ መናኸሪያ አካባቢ የአውቶብስ ትኬት እቆርጣለሁ። ከግራ ዓይኔ ሥር ተነስቶ ጉንጬን ይዞ ወደ ጆሮዬ የሚሄድ ምልክት አለኝ። አብሮኝ የተወለደ ነው፣ ግን እናቴ እንደምትለው ህፃን ሆኜ እንደ ጥላ ነገር ነበር፣ በደንብ የጠቆረው 13 14 ዓመቴ ላይ ነው። ቡኒ ብቻ ቢሆን እኮ ጥሩ፣ ቡኒና ሰማያዊ ተቀላቅሎበት ልክ በቡጢ ተመትቼ ሦስተኛ ቀኔን የያዝኩ ነው ሚያስመስለኝ። አያሳክከኝም አያመኝም፣ በጣት ስዳስሰው ከሌላው ቆዳዬ ምንም አይለይም፣ ፀጉርም የለበትም።

ስራዬ ደሞ ፊቴን በመስኮት አውጥቼ መዋል ነው። በቀን ቢያንስ አንድ ሰው "ማነው የመታሽ" ሳይለኝ አይመሽም። በቀደም ዲላ የሚሄዱ አንዲት ትልቅ ሴትዮ መልስ ልሰጣቸው ስል እጄን ያዝ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አርገው "ልጄ፣ ባልሽ ነው? እኔም አሳልፌዋለሁ፣ ዝም አትበዪ" ብለው መልሱን እዛው ትተውልኝ ሄዱ። 40 ብር ነበር። ኧረ ባል የለኝም እንኳን ለማለት ጊዜ አልሰጡኝም። ሳቅኩ፣ ከዛ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ባል ግን ሊኖረኝ ነው፣ ሰርጌ ጥር ላይ ነው፣ ጭንቀቱም የመጣው ከዛ ነው። ቤት ያለው ማብራሪያ እናቴ እኔን አርግዛ ጉበት አምሯት፣ ፆም ስለነበር ሳትበላ ጉንጯን ይዛ ቁጭ ስላለች በዛው ታተመብኝ ነው። አያቴ ደሞ ማርያም የሳመችሽ ነው ትላለች። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ ግን መስታወት ፊት ስቆም አንዳቸውም አይደርሱልኝም።

ዓምና ከአንድ ኮስሞቲክስ ቤት ሚክስ ክሬም ገዝቼ ሦስት ወር ተቀባሁ። ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ፊቴ በሙሉ ቀላ፣ ምልክቱ ግን ንቅንቅ አላለም፣ እንደውም ዙሪያው ሲነጣ እሱ ብሶ ታየ። ሳቆመው ደሞ ቡጉር ወረረኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ የውበት ሳሎን ገብቼ ስለ ሌዘር ጠየቅኩ፣ ልጅቷ ሁለት ደቂቃ እንኳን ሳታየኝ "በአንድ ሴሽን ድራሹን እናጠፋልሻለን" አለችኝ። ማሽኑ የእግር ፀጉር የሚያነሱበት ነው፣ ከጎኔ ወረፋ የያዘችው ልጅ ለብብቷ ነው የመጣችው። ቀብድ ክፈይ ስትለኝ ካርዴን ረሳሁ ብዬ ወጣሁ።

ያደረገ ሰው ካለ ንገሩኝ፣ በኛ ቆዳ ይሰራል ወይ፣ እስከ ጥር ይደርሳል ወይ፣ አዲስ አበባ የግድ ነው ወይ። እንዲህ ዓይነት ያለበት ሰው በህይወቴ አላየሁም እኔ ብቻ ነኝ?


የአቶቴዋ እናት

የኔ ልጅ እኔ ሐኪም አይደለሁም ግን እህቴም እንዳንቺ ግንባሯ ላይ ነበራት፣ የኛ ሰው ማርያም የሳመችው አይነካም ይላል እሷ ግን አልሰማም ብላ አንድ የባህል መድኃኒት አዋቂ ጋ ሄዳ ቅጠል ጨምቆ አሰረላት። ሦስት ቀን ሙሉ ስታቃስት አደረች፣ ሲፈታ ቆዳው አብሮ ተነሳ። አሁን ጥቁሩ ቦታ ላይ የተጨማደደ ነጭ ጠባሳ ነው ያለው፣ ምልክቱ ይሻላት ነበር እስከዛሬ ትቆጫለች። ብቻ ምንም አርጊ ግን ቅጠል እንዳታስነኪ። ሰርግሽን መድኃኔዓለም ያሳምርልሽ።


የትኬቷ ልጅ

አሜን እማዬ፣ ቅጠሉን እንኳን አልሞክረውም፣ እግዜር ይስጥልኝ።


ባጃጅ በኮብል

እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ፣ እጮኛሽ ምን ይላል?


የትኬቷ ልጅ

እሱማ "ጠፍተሽ ብፈልግሽ በምን ብዬ ነው ምጠይቀው" ነው የሚለው ሃሃ። እሱ ችግር የለበትም፣ ችግሩ እኔ ነኝ፣ እኔና መስኮቷ።


ሰባት ጊዜ የተተኮሰች

እህቴ ያንቺን ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ። አይ ብቻሽን አይደለሽም። እኔም ሀዋሳ ነኝ፣ የኔ ቀኝ ዓይኔ ዙሪያና ግንባሬ ላይ ነበር፣ ነበር እያልኩ ነው ልብ በይ። የቆዳ ሐኪሙ ገና ከበር ስገባ ነው ስሙን የነገረኝ፣ ኔቨስ ኦፍ ኦታ ነው አለኝ። ያንቺ እሱ ይሁን አይሁን ሐኪም ነው ማወቅ ያለበት፣ ግን ገለፃሽ ቁርጥ የኔን ነው።

በሌዘር ነው ያስነሳሁት፣ ኪው ስዊችድ ኤንዲ ያግ ይባላል፣ አዲስ አበባ፣ ሰባት ሴሽን። በየሁለት ወር ተኩል በየሦስት ወሩ ነበር ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዓመት ተኩል ገደማ ፈጀ። አንድ ሴሽን ያለችሽ ልጅ ወይ አታውቅም ወይ ቀብድሽን ነው የፈለገችው።

እንዴት ነው ካልሽ ልንገርሽ። በሌሊት ተነስቼ አዲስ አበባ እገባለሁ፣ መጀመሪያ ማደንዘዣ ክሬም ተቀብቶ በላስቲክ ተሸፍኖ አንድ ሰዓት ገደማ ትቀመጫለሽ። ከዛ የኔ የዓይን ቆብ ላይም ስለነበር ዓይኔ ውስጥ ማደንዘዣ ጠብታ አርገው ከብረት የተሰራ እንደ ሌንስ ያለ ጋሻ አስገቡልኝ፣ ስታስቢው ይዘገንናል፣ ሲገባ ግን ቅዝቃዜው ብቻ ነው ሚሰማሽ። ሌዘሩ ሲነካሽ ሽንኩርት ስታቁላዪ የጋለ ዘይት ፍንጥር ሲልብሽ እንዳለው ነው፣ ግን በሰከንድ ብዙ ጊዜ። ጧ ጧ የሚል ድምፅ አለው፣ ቅንድቤ አጠገብ ሲደርስ የተለበለበ ፀጉር ሸተተኝ። ወዲያው ቦታው አመዳይ የነካው ይመስል ነጭ ይሆናል፣ ነጩ በደቂቃዎች ይጠፋና መቅላትና ማበጥ ይመጣል። የመጀመሪያ ቀን ማታ ዓይኔ ተደፍኖ ነበር፣ እህቴ ስታየኝ "አሁን ነው በትክክል የተመታሽው" አለችኝ።

ከዛ ሳምንት ሙሉ ስስ ቅርፊት ይይዛል፣ እንዳትልጪው፣ ቫዝሊን እየቀባሽ ራሱ ይውደቅ። ሐኪሜ ለሳምንት ምጣድ ፊት አትቁሚ ብሎኝ ነበር ሙቀቱ አይስማማውም ብሎ፣ በዛ ሳምንት እንጀራ የጋገረው ታናሽ ወንድሜ ነው፣ እንጀራውን ግን ባትጠይቂኝ ይሻላል።

አሁን ዋናው ነገር። ከሁለተኛው ሴሽን በኋላ ምንም ለውጥ አልታየኝም፣ እንደውም አንድ ወር ሲሆነው ቦታው ጠቁሮ አገኘሁት። ተበላሸሁ ብዬ ሐኪሙን በስልክ ጮህኩበት (ይቅር ይበለኝ)። እሱ ግን ረጋ ብሎ ይሄ የቆዳሽ ምላሽ ነው ምልክቱ አይደለም፣ ሰንስክሪን ትቀቢያለሽ ወይ አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ ጠዋት አንዴ ብቻ ነበር ምቀባው፣ ከዛ ቀኑን ሙሉ ሐይቁ ዳር ፀሐይ ላይ፣ ያኔ አሞራ ገደል አሳ ቤት ነበር ምሰራው። ከዛ በኋላ ኤስፒኤፍ 50 በየሁለት ሰዓቱ፣ ጃንጥላ፣ ሰፊ ኮፍያ፣ የሐይቁ ወፎች አባ ኮዳዎቹ ራሱ ሳይስቁብኝ አልቀሩም። ጥቁረቱ በአራት ወር ለቀቀ። ከአራተኛው ሴሽን ጀምሮ ነው ሰማያዊው እየሳሳ የሄደው፣ አሁን በጣም ቀርቦ ካላየ ሰው አያውቀውም፣ ዓይኔ ቆብ ላይ ብቻ ትንሽ ቀርታለች፣ ትቅር ብዬ ተውኳት።

ዋጋ በውስጥ አትጠይቁኝ፣ የኔ የዛሬ ሦስት ዓመት ነው፣ ዶላሩም ሌላ ሆኗል። በየሴሽኑ ነው ሚከፈለው፣ ለኔ የወር ደሞዜ ግማሽ ነበር አንዱ፣ የመንገዱና የማደሪያው ሌላ።


የትኬቷ ልጅ

እህቴ አስለቀስሽኝ ደሞ አሳቅሽኝ። ዓመት ተኩል! እኔ እኮ ስድስት ወር አለኝ ብዬ ነው ቁጭ ያልኩት። ቆይ የዓይንሽ ነጩ ላይ ነገር ነበረሽ? አሁን አንቺን ሳነብ መስታወት አንስቼ አየሁት፣ ግራ ዓይኔ ነጩ ላይ ወደ ጥግ አመድማ ነገር አለ፣ ሁሌ ድካም ነው ብዬ ነው ማልፈው።


የዳቶው ጤና መኮንን

አሁን ደወል የደወለልኝ ይሄ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገርሽ ነው ስለዚህ ከሱ ልጀምር። ሌዘሩ ቆይቶ ይደርሳል፣ መጀመሪያ ዓይን ሐኪም ጋ ሂጂ። ምክንያቱም የምትገልጪው ነገር ኦታ ከሆነ፣ ኦታ ያለበት ሰው ቀለሙ ዓይን ውስጥም ሊገባ ይችላል፣ እነዚህ ሰዎች ላይ በዛ ዓይን የዓይን ግፊት ማለትም ግላኮማ የመምጣት ዕድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ያለ ነው፣ ከአስር አንድ ገደማ። ግላኮማ ደሞ ሳያምሽ ነው እይታሽን ሚበላው። እጅግ አልፎ አልፎ ደሞ የዓይን ውስጥ ካንሰር ይመጣል፣ እሱ በብዛት የታየው በነጮች ላይ ነው አትሸበሪ። ግፊቱን መለካት ደቂቃ አይፈጅም፣ የዓይንሽንም ጀርባ ያዩልሻል፣ ደህና ነው ቢሉሽም በየዓመቱ ታሳያለሽ። ፊትሽ ላይ ስንት ሺ ብር ልታፈሺ አስበሽ ዓይንሽን ሳታሳዪ እንዳትቀሪ።

ዶክተር አይደለሁም ጤና መኮንን ነኝ፣ የቆዳ ክፍል ለሁለት ዓመት ስለሰራሁ ነው ማውቀው።

ስሙ የመጣው ማሳኦ ኦታ ከሚባል ጃፓናዊ የቆዳ ሐኪም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ነው የገለፀው፣ በነገራችን ላይ ገጣሚም ነበር ሰውየው። በእስያና በአፍሪካ ሰዎች ላይ ይበዛል፣ ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ በኩል ብቻ። ገሚሱ ሰው ይዞት ይወለዳል ገሚሱ ላይ ጉርምስና ሲመጣ ይወጣል፣ ያንቺም 13 ላይ የጠቆረው ለዛ ነው። እናትሽ ጉበት ብትበላም ባትበላም ይወጣ ነበር በያት ይቅለላት።

ለምን ሰማያዊ ሆነ ካልሽ ቀለሙ ራሱ ሰማያዊ አይደለም። ሜላኒን ነው፣ ቆዳሽን ጠይም ያረገው ያው ቀለም። ልዩነቱ ቦታው ነው፣ የሁላችንም ሜላኒን ላይኛው ሽፋን ላይ ነው ሚቀመጠው፣ ያንቺ ግን ታችኛው ንጣፍ ውስጥ የቀሩ ህዋሶች አሉ፣ ከጥልቀት ሲታይ ብርሃኑ ስለሚበተን ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ህፃናት ቂጣቸው ላይ ይዘውት ሚወለዱት ሰማያዊ ምልክት አለ አይደል፣ ያ ወንድሙ ነው፣ ግን እሱ ልጁ ሲያድግ ይጠፋል ይሄኛው አይጠፋም።

አሁን ሚክስ ክሬሙ ለምን እንዳልሰራ ገባሽ? ክሬም ላይኛውን ነው ሚያነጣው፣ ታች ያለው ጋ አይደርስም፣ ስለዚህ ዙሪያው ነጥቶ ምልክቱ ጎልቶ ወጣ፣ ትክክለኛ ነገር ነው ያየሽው። ከዛ ደሞ ስታቆሚ ቡጉር መውረሩ ውስጡ ስቴሮይድ እንደነበረበት ነው ሚያስጠረጥረኝ። ስቴሮይድ ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ቆዳ ያሳሳል፣ የደም ስር ያወጣል። አንዳንዱ ደሞ ሜርኩሪ አለው እሱ ኩላሊት ነው ሚነካው። ምን እንደያዘ ያልተጻፈበት ዕቃ ፊታችሁን አታስነኩ፣ ይሄን ስንቴ እንደምል።

ሌዘሩን በተመለከተ። ሌዘር ማለት አንድ ነገር አይደለም፣ ልክ መኪና ማለት ባጃጅም ሲኖትራክም እንደሆነው። ፀጉር ሚያነሳው ማሽን ብርሃኑን የሚለቀው በሚሊ ሰከንድ ነው፣ ያ ዙሪያውን ያሞቃል፣ በኛ ቆዳ ላይ ለዚህ ሥራ ከተጠቀሙበት ያቃጥላል። ኪው ስዊችድ ሚባለው በናኖ ሰከንድ ነው፣ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ክፍል፣ በዛ ፍጥነት የቀለሙን ቅንጣት ይሰባብረዋል ሙቀቱ ወደ ጎን ሳይሄድ። ፒኮ ሚባለው አዲሱ ደሞ ከዛም ያጥራል። የተሰባበረውን ጠርጎ ሚያወጣው የገዛ ሰውነትሽ ነው፣ ለዛ ነው በሴሽኖቹ መሃል ወራት ሚያስፈልገው፣ ቶሎ ቶሎ እናድርግልሽ ሚልሽ ሰው ካለ ተጠራጠሪው።

ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ ደሞ የሞገዱ ርዝመት ወሳኝ ነው። ሩቢ የሚባለው ሌዘር 694 ናኖሜትር ነው፣ አሌክሳንድራይት 755፣ ኤንዲ ያግ 1064። ቁጥሩ ሲያንስ ላይኛው ሽፋን ላይ ያለው ጤነኛ ሜላኒንሽ ብርሃኑን ይውጠዋል፣ ከዛ ወይ ይጠቁራል ወይ ነጭ ነጭ ይላል፣ ነጩ አንዳንዴ አይመለስም። 1064 ላይኛውን ብዙም ሳይነካ ወደ ታች ያልፋል ለኛ የተሻለው እሱ ነው። ስለዚህ ስትጠይቂ "ሌዘር አላችሁ?" አትበይ፣ "የትኛው ሌዘር፣ ስንት ናኖሜትር፣ የሚተኩሰው ማነው፣ እንደኔ ዓይነት ቆዳ ላይ የሰራችሁትን አሳዩኝ፣ መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ትሞክሩልኛላችሁ?" በይ። ቴስት ስፖት ሳያረግ ሙሉ ፊት ሚተኩስ ሰው ጋ አትቀመጪ።

ምች የሚወጣብሽ ከሆነ ንገሪያቸው፣ ከንፈር ላይ ሚወጣው ማለቴ ነው፣ ሌዘር ሊቀሰቅሰው ይችላል ቀድመው መድኃኒት ይሰጡሻል፣ ዳማ ከሴ ይዘሽ እንዳትሄጂ። ጠባሳሽ ሥጋ ሚያበቅል ዓይነት ከሆነም ተናገሪ።


ማኪያቶ

እኔ ደሞ ተቃራኒውን ልንገራችሁ ሰው ሁሉ ሌዘር ሌዘር እንዳይል። የኔ መንጋጋዬ ላይ ነበር፣ ቡኒ፣ ጠርዙ ግልፅ፣ ምንም ሰማያዊ የለውም። ሐኪሙ ካፌ ኦ ሌ ይባላል በፈረንሳይኛ ቡና በወተት ማለት ነው አለኝ፣ እኔም ታዲያ ማኪያቶ አይሉትም አልኩት፣ ስሜም ከዛ ነው የመጣው። አራት ጊዜ በሌዘር ተተኮስኩ፣ ከሦስተኛው በኋላ ጠፍቶ ነበር፣ ጓደኞቼን ቡና ጋበዝኩ። ዓመት ሳይሞላው ተመልሶ መጣ፣ በዛው ቅርፅ በዛው ቦታ ካርታ የተሳለበት ይመስል። ቀድሞ ግማሽ ያህል ሰው ላይ ሊመለስ ይችላል ብሎ ነግሮኝ ነበር ግን ያኔ ሰው የሚሰማው የሚፈልገውን ነው። ገንዘቡ ይቆጨኛል ምልክቱ ግን አሁን አይቆጨኝም፣ ፂሜን አሳደግኩበት አለቀ።

እና የሁሉም መልስ አንድ አይደለም ለማለት ነው።


የዳቶው ጤና መኮንን

@ማኪያቶ ትክክል ብለሃል፣ ካፌ ኦ ሌ አስቸጋሪ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፣ አንዱ ብቻ ከሆነ ምንም አይደለም፣ ግን ልጅ ላይ ስድስትና ከዛ በላይ እንዲህ ዓይነት ቡኒ ምልክት ሰውነቱ ላይ ካያችሁ ለውበት ሳይሆን ለምርመራ ሐኪም ጋ ውሰዱት፣ ከነርቭ ጋር የሚያያዝ በዘር ሚመጣ በሽታ ሊኖር ይችላል።


አባ ፍቅር

ይቅርታ ጥያቄዋን ልጋራት፣ የስምንት ወር ሴት ልጅ አለችኝ፣ ቅንድቧ በላይ ጥቁር ከፍ ያለ ፀጉር ያለው ነገር ይዛ ተወልዳለች፣ የአምስት ሳንቲም ያህላል። ለሷስ ሌዘር ይሆናል? ሚስቴ አሁኑኑ ካልተነሳ ብላ እንቅልፍ ነስታኛለች፣ ትምህርት ቤት ይሰድቧታል እያለች።


የዳቶው ጤና መኮንን

ከፍ ያለና ፀጉር ያለው ሌላ ዓይነት ነው ወንድሜ፣ ኮንጀኒታል ኔቨስ ይባላል፣ እሱ ላይ ሌዘር ያን ያህል አይመከርም ህዋሱ ከሥር ስለሚቀር። የሚነሳ ከሆነ በቀዶ ጥገና ነው፣ ያም ቢሆን ለዚህ መጠን ብዙ ጊዜ አይቸኮልም። አሁን የቆዳ ሐኪም ይየው፣ በየወሩ ከአንድ ቦታ በአንድ ብርሃን ፎቶ አንሱት። በፍጥነት ካደገ፣ ቀለሙ ከተዘበራረቀ፣ ከደማ ወይ ውስጡ እብጠት ካወጣ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ውሰዳት። በጣም ትልልቆቹ ናቸው የካንሰር ስጋታቸው ከፍ የሚለው፣ ያንተ እንደምትለው ትንሽ ነው። ለባለቤትህም ንገራት፣ ትምህርት ቤት እስክትገባ ገና ጊዜ አለ።


ሰባት ጊዜ የተተኮሰች

@የትኬቷ ልጅ የጥር ሰርግሽን ነገር ረሳሁት። አሁን ሐምሌ ነው፣ ዛሬ ብትጀምሪ እስከ ሰርግሽ ሁለት ቢበዛ ሦስት ሴሽን ነው፣ በሦስት አይጠፋም፣ እንደኔ ከጠቆረብሽ ደሞ በሰርግሽ ቀን ካሁኑ የባሰ ሆነሽ ነው ምትቆሚው። እኔ ብሆን አሁን ምርመራውንና ቴስቱን እጨርሳለሁ፣ ሌዘሩን ከሰርግ በኋላ። ለሰርጉ ሜካፕ ይበቃል፣ ግን በቀጥታ ፋውንዴሽን ከደረብሽበት አመድ ይመስላል፣ ከሥር ብርቱካናማ ኮሬክተር በስሱ ይግባ፣ ሰማያዊን ሚገድለው ብርቱካናማ ነው። ሜካፕ አርቲስቷ ጋ ከወር በፊት ሄደሽ አስሞክሪ።

ደሞ የቆዳ ሐኪም ሪፈር ሲጽፉልሽ አለርት ቢሉሽ፣ አዲስ አበባ ያለውን ሆስፒታል ማለቴ ነው፣ እንዳትደነግጪ። የኔ እናት አለርት ስትሰማ "ልጄ ምን ሆና ነው" ብላ ለቅሶ ልትቀመጥ ነበር። በ1958 ለሥጋ ደዌ ብለው አቋቋሙት እንጂ ዛሬ ለማንኛውም የቆዳ ችግር ሰው ይሄዳል፣ ወረፋው ነው ሚያስፈራው።


የትኬቷ ልጅ

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ ይቅርታ፣ የሐምሌ ገብርኤል ሰሞን ሀዋሳ እንግዳ እንዴት እንደሚሞላ ታውቁታላችሁ፣ ትኬት ስቆርጥ እጄ ሊወልቅ ነበር። ግን ሄጃለሁ!

መጀመሪያ ዓይን ሐኪም። አገጬን የሆነ ነገር ላይ አስደግፈው፣ ጠብታ አርገው፣ ሰማያዊ መብራት ያላት ነገር ዓይኔን ነካ አረገችው፣ አለቀ፣ እውነትም ደቂቃ አልፈጀም። ግፊቱ በሁለቱም ዓይን ደህና ነው። አመድማው ግን ድካም አይደለም፣ ከጉንጬ ጋር አንድ ነው አሉኝ፣ በየዓመቱ ነይ ብለው ካርድ ሰጡኝ። 25 ዓመት ሙሉ ዓይኔ ላይ እንዳለ አላወቅኩም በናታችሁ።

ከዛ የቆዳ ስፔሻሊስት ጋ። ገና ሳልቀመጥ ነው ኦታ ነው ያለችኝ፣ @ሰባት እንዳልሽው። መብራት አጥፍታ በሆነች መነፅር ነገር አየችው፣ ሚክስ ክሬሙን ስነግራት አናቷን ያዘች። ቆዳሽ እስኪያገግም ሁለት ወር ምንም እንዳትቀቢ ከሰንስክሪን ውጪ አለችኝ። ቴስቱን ከዛ በኋላ አዲስ አበባ ጆሮዬ ሥር ባለው ክፍል ላይ ያረጉልኛል፣ 1064 እንደሆነ ጠይቄያለሁ፣ ስንት ናኖሜትር ነው ስል ዶክተሯ ሳቀችና "ማነው ያስጠናሽ" አለችኝ። ሙሉ ሌዘሩ ከጥር በኋላ ነው። እጮኛዬ የሰርግ ሽልማቱን ለሱ እናውለው ብሏል፣ እኔ ፍሪጅ ነበር ያሰብኩት፣ ገና አልተስማማንም።

እናቴን የጉበቱን ነገር ነገርኳት። ትንሽ ዝም ብላ "እና በፆም ብበላው ኖሮ በከንቱ ነበር ምፈስከው?" አለች።

አንድ ነገር ደሞ፣ የዲላዋ ሴትዮ ትናንት ተመልሰው መጡ። መስኮቷን ጎንበስ ብለው አዩኝና "ዛሬም?" አሉኝ። 40 ብራቸውን መለስኩላቸውና አብሮኝ የተወለደ መሆኑን ነገርኳቸው። አላመኑኝም። ብሩንም አልተቀበሉኝም።


ባጃጅ በኮብል

ፍሪጁን ግዙ።